መሬትን በተዳፋቱ፣ በአፈሩና በእጽዋቱ መመደብ፦ ከእርከን በፊት የሚሠራው ሥራ፣ ደረጃ በደረጃ

በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ሕዝብ ወጥቶ እርከን ይሠራል። ክረምቱ ሲያልፍ ደግሞ የተደረመሰው ይቆጠራል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የቆፋሪው አይደለም። ውሃ የሚያቁር እርከን ውሃ በማያሰርግ ጥቁር አፈር ላይ ተሠርቷል። ጭንጫ ላይ ጥልቅ ቦይ ታዟል። ከብት ቢከለከል ኖሮ ራሱ የሚያገግም ቁጥቋጦ ተመንጥሮ ችግኝ ተተክሎበታል። መሬቱ ሳይመደብ ሥራው ተመረጠ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ይህ መመሪያ ለግብርና ልማት ሠራተኞች፣ ለተፋሰስ ኮሚቴዎችና ለመስክ ባለሙያዎች የተጻፈ ነው። የሚያወራው ስለ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢ፣ ከ200 እስከ 500 ሄክታር ስለሚሆን ንዑስ ተፋሰስ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። "መሬቱ ላይ አሁን ምን እየተሠራ ነው?" አንድ ጥያቄ ነው። "መሬቱ ምን ይችላል?" ሌላ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን መልሶ ሁለተኛውንም የመለሰ ይመስለዋል። የሚታረስ ሁሉ ግን የእርሻ መሬት አይደለም። ሁለቱን ለየብቻ ካርታ ላይ አውጡ። እቅዱ ያለው ሁለቱ ካርታዎች ያልተስማሙበት ቦታ ላይ ነው።

ዝግጅት

ጊዜውን ምረጡ

ሁሉንም ነገር በአንድ ጉዞ ማየት አይቻልም። ውሃ የሚተኛበት መሬት የሚታወቀው ነሐሴ ላይ ነው። ሣሩ የሚለየው ሲያብብ፣ ማለትም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው። ጉድጓድ ለመቆፈር የሚመቸው ግን ሰብሉ ከተነሣ በኋላ፣ ኅዳር መጨረሻና ታኅሣሥ ነው። ቢያንስ ሁለት ጊዜ ውጡ፦ ጥቅምት ላይ ለእጽዋቱ፣ ታኅሣሥ ላይ ለአፈሩ። ሁሉንም ለታኅሣሥ ካቆያችሁት ሣሩ ደርቆ ይጠብቃችኋል። ያኔ ሰርዶውን ከሌላው መለየት ከባድ ነው።

ዕቃ

- ውሃ ልክ፣ 10 ሜትር የማይለጠጥ ገመድ፣ በሴንቲ ሜትር የተሰመሩ ሁለት ባለ 2 ሜትር እንጨቶች
- ድጅኖ፣ አካፋ፣ ዶማ፣ ቢላ፣ ሜትር
- የአፈር መብሻ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ አትጨነቁ
- በሃይላንድ የተያዘ ውሃ፣ ለናሙና ፌስታል፣ የማይለቅ ማርከር
- ጂፒኤስ ወይም ስልክ፣ ትርፍ ባትሪ
- በትልቁ የታተመ የሳተላይት ምስልና ቶፖ ካርታ

ስለ ካርታው አንድ ነገር ልብ በሉ። የተለመደው ቶፖ ካርታ ልኬቱ 1 ለ50,000 ነው። እዚያ ላይ 300 ሄክታር የሚይዘው 12 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እስክሪብቶ የሚያርፍበት ቦታ እንኳ የለውም። ስለዚህ ወሰኑን ለማየት ተጠቀሙበት። ለመስክ ግን በ1 ለ5,000 የታተመ የሳተላይት ምስል ይዛችሁ ውጡ። ምስሉ የየካቲት ወይም የመጋቢት ይሁን። የነሐሴ ምስል ላይ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ስለሆነ ደኑም ገብሱም አንድ ይመስላል።

ሰው

ብቻችሁን አትውጡ። ቦታውን ለረጅም ዘመን ያረሱ አንድ አባት፣ ከብት የሚያግድ ልጅ፣ እንጨት የሚለቅሙና ውሃ የሚቀዱ አንድ እናት አብረዋችሁ ይሂዱ። አባት አፈሩን ያውቃሉ። እረኛው የትኛውን ሣር ከብት እንደሚተወው ያውቃል። እናት ደግሞ የቱ ምንጭ መቼ እንደደረቀ፣ የቱ ዛፍ መቼ እንደጠፋ ይነግሯችኋል። በእኔ ግምት ከሦስቱ በብዛት የሚረሳው እረኛው ነው፤ በብዛት የሚጠቅመውም እሱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ገመድና ጂፒኤስ ይዞ ማሳ ላይ የሚዞር ሰው ሲታይ ወሬው ቶሎ ይደርሳል፤ "መሬት ሊወስዱ ነው!" ይህ ከተወራ በኋላ እውነተኛ መልስ አታገኙም። ከመውጣታችሁ በፊት ስብሰባ ጥሩ። ምን እንደምትለኩ፣ ውጤቱን ማን እንደሚያየው፣ ባለይዞታው ሳይስማማ ምንም እንደማይወሰን ተናገሩ። ከዚያ ቃላችሁን ጠብቁ።

ደረጃ 1፦ ወሰኑን አውጡ

1. ከታች ጀምሩ። ውሃው ሁሉ ተሰብስቦ የሚወጣበትን ነጥብ ያዙ።
2. ከዚያ ነጥብ በግራም በቀኝም የውሃ ክፋዩን (ዝናብ ወደ ሁለት ተፋሰስ የሚለይበትን ከፍታ) ይዛችሁ እስከ ጫፍ ሳሉ።
3. የሳላችሁትን መስመር በእግር ዙሩት። ዝናቡ ወዴት እንደሚወርድ በየቦታው ጠይቁ።
4. መንገድ ካለ ቱቦዎቹን እዩ። መንገድ ውሃን ከአንዱ ተፋሰስ ወደ ሌላው ያሻግራል። ካርታ ይህን አያሳይም።

ስህተት ከተፈጠረ፦ ጂፒኤሱ ከቶፖ ካርታው ጋር 200 ሜትር ገደማ ከተዛነፈ መሣሪያው አልተበላሸም። የቆዩት ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም (ቦታዎች የሚለኩበት መነሻ ሥርዓት) ነው። ስልክና ጂፒኤስ የሚሠሩት ግን WGS 84 በሚባለው ዓለም አቀፍ ዳተም ነው። አንዱን መርጣችሁ ሁሉንም ወደዚያ ቀይሩ። የትኛውን እንደመረጣችሁ ካርታው ጥግ ላይ ጻፉ።

ተፋሰሱ የሌላ ቀበሌ መሬት ውስጥ ከገባ አትቁረጡት። ውሃ የቀበሌ ወሰን አያውቅም። የላይኛው ቀበሌ ካልገባበት የታችኛው ሥራ ይፈርሳል።

ደረጃ 2፦ ተዳፋቱን ለኩ

1. ገመዱን በሁለቱ እንጨቶች መካከል ወጥሩ። ውሃ ልኩ በትክክል መሐል ላይ ይንጠልጠል። መሐል ካልሆነ ገመዱ ስለሚረግብ ያሳስታል።
2. የላይኛው ሰው ገመዱን እንጨቱ እግር ላይ ይያዝ። የታችኛው ሰው አረፋው መሐል እስኪገባ ገመዱን ከፍ ዝቅ ያድርግ።
3. የታችኛውን ከፍታ በሴንቲ ሜትር አንብቡ። ለ10 ተካፈሉ። 120 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 12 በመቶ ነው።
4. መሬቱ ዳገታማ ሆኖ እንጨቱ ካጠረ ገመዱን 5 ሜትር አድርጉና ለ5 ተካፈሉ። 150 ሴንቲ ሜትር ከወጣ 30 በመቶ ነው።
5. ተዳፋቱ በዓይን በሚለወጥበት ቦታ ሁሉ አዲስ ልኬት ውሰዱ። የአንድን ዳገት ራስና ግርጌ አማክላችሁ አንድ ቁጥር አትስጡ።

ክፍሎቹ፦ 0–3፣ 3–8፣ 8–15፣ 15–30፣ 30–60፣ ከ60 በመቶ በላይ። አንዳንድ የቴክኒክ መመሪያ ላይ 50 የሚል ወሰን ታገኛላችሁ። እዚህ 60 የተመረጠው ከሕጉ ጋር እንዲገጥም ነው። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ከልክሏል። ከ31 እስከ 60 በመቶ ባለው ላይ ዓመታዊ ሰብል የፈቀደው ጠረጴዛማ እርከን (ዳገቱ እንደ ደረጃ ተቆርጦ ሜዳ የሚሆንበት) ከተሠራ ብቻ ነው። አዋጁ በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ስለዚህ አሁን በክልላችሁ የሚሠራበትን ሕግ ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ የስልክ መተግበሪያ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ ዲግሪ ነው፣ በመቶኛ አይደለም። 17 ዲግሪ ማለት 30 በመቶ ነው። 31 ዲግሪ 60 በመቶ ነው። 45 ዲግሪ 100 በመቶ ነው። ይህን ያደባለቀ ቡድን ሊከለከል የሚገባውን ዳገት የእርሻ መሬት ያደርገዋል።

ውሃ ልኩን ማመን ካቃታችሁ ገልብጣችሁ ስቀሉትና እዚያው ቦታ ድገሙ። ንባቡ ከተለወጠ ጣሉት፤ ሌላ ፈልጉ።

ደረጃ 3፦ አፈሩን እዩ

እዚህ ጊዜ ስጡ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው።

የት ይቆፈር

ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ መስመር ምረጡ። በመስመሩ ላይ ተዳፋቱ፣ የአፈሩ ቀለም ወይም እጽዋቱ በተለወጠ ቁጥር አንድ ጉድጓድ ይበቃል። አጥር ሥር፣ የድሮ በረት የነበረበት ቦታ፣ መንገድ ዳር አትቆፍሩ። እነሱ የአካባቢውን አፈር አይወክሉም።

ቦረቦር ወይም የመንገድ ቁራጭ ካለ በነጻ የተቆፈረ ጉድጓድ አገኛችሁ ማለት ነው። ግን ፊቱን እንዳለ አታንብቡት። ዝናብና ፀሐይ ቀይሮታል፤ ከላይ የወረደ አፈርም ለጥፎበታል። በዶማ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ላጡት። እውነተኛው ቀለም ያኔ ይወጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ የቦረቦር ጫፍ ላይ አትቁሙ። በተለይ ጥቁር አፈር ከሥሩ ተቦርቡሮ ከላይ ደህና ይመስላል። የቆፈራችሁትንም ጉድጓድ በዕለቱ ድፈኑ፤ ከብት ይሰበርበታል።

ጥልቀት

1. የዛፍና የሰብል ሥር ሊያልፈው የማይችለው ንጣፍ እስከሚመጣ ቆፍሩ፣ ወይም 150 ሴንቲ ሜትር ላይ አቁሙ።
2. ድጅኖው ድንጋይ ሲመታ ወዲያው "ዓለት ነው" አትበሉ። ግማሽ ሜትር ፈንጠር ብላችሁ ሁለት ጊዜ ሞክሩ። ሦስቱም ቦታ በአንድ ጥልቀት ከመታ ዓለት ነው። ካልሆነ ልቅ ድንጋይ ነው።
3. መዝግቡ፦ ከ25 በታች፣ 25–50፣ 50–100፣ 100–150፣ ከ150 ሴንቲ ሜትር በላይ።

ልስላሴና ሸካራነት፣ በእጅ

አንድ ጭብጥ አፈር ውሰዱ። ጠጠሩንና ሥሩን አውጡ። ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ እንደ ሊጥ እሹት። መዳፋችሁ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ አታርጥቡት። ከዚያ አድቦልቡሉት። ካልተድቦለቦለ አሸዋማ ነው። ከተድቦለቦለ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፋችሁ ሪባን አውጡ። ሪባኑ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሳይደርስ ከተበጠሰ በአሸዋና በሸክላ መካከል ያለ መካከለኛ አፈር ነው። ከ2.5 እስከ 5 ከሄደ ወደ ሸክላነት ያደላል። ከ5 ካለፈ ሸክላ ነው።

ሁለት ማታለያዎች አሉ። ደረቅ ጥቁር አፈር መጀመሪያ እንደ ጠጠር ይቆረቁራል። አሸዋ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ደቂቃ እሹት፤ ይሟሟና ይለጠጣል። የደጋውና የወይና ደጋው ጥልቅ ቀይ አፈር ደግሞ ሸክላ ሆኖ ሳለ እጅ ላይ ልል ይመስላል። ቅንጣቶቹ አጥብቀው ስለተያያዙ ነው። እሱንም ደጋግማችሁ እሹት።

ውሃ ይተኛል ወይ

ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብና ግራጫ ቀለም ፈልጉ። በላይኛው 50 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ካገኛችሁ ያ መሬት በክረምት ውሃ ይተኛበታል። ነሐሴ ላይ ያላያችሁትን በዚህ ትደርሱበታላችሁ። ጥቁር አፈር ላይ በበጋ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ መዝግቡት። ዋልካም በሉት መረሬ፣ ኦሮምኛ በሚነገርበት አካባቢ ኮቲቻ፣ ጠባዩ አንድ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የተሠራበትን ካብ ይበትናል።

ምዕራቡና ዝናባማው ደጋ ላይ ከሆናችሁ የአሲዳማነት መለኪያም ያዙ። ፒኤች ከ5.5 በታች ከሆነ ኖራ የሚያስፈልገው መሬት ነው። ካርታው ላይ ለብቻው ምልክት አድርጉበት። እርከን አሲዳማነትን አያክምም።

ደረጃ 4፦ እጽዋቱን እዩ

እጽዋቱ ሁለት ነገር ይናገራል፦ መሬቱ አሁን ምን ያህል እንደተሸፈነና ወደፊት ራሱ ማገገም ይችል እንደሆነ። ሁለቱን አታደባልቁ።

ሽፋኑን በእርምጃ ቁጠሩ

1. በተለመደው እርምጃችሁ በቀጥታ መስመር 100 እርምጃ ሂዱ። ጫማችሁ ጫፍ ላይ ምልክት አድርጉ።
2. እግራችሁ ባረፈ ቁጥር ያ ምልክት የነካውን ብቻ መዝግቡ፦ ባዶ አፈር፣ ድንጋይ፣ የወደቀ ቅጠል፣ ሣር፣ ቁጥቋጦ።
3. ድምሩ በቀጥታ በመቶኛ ነው። 62 ባዶ አፈር ካለ 62 በመቶው ባዶ ነው።
4. በአንድ የመሬት ክፍል ቢያንስ ሦስት መስመር ሥሩ።

ቆንጆ ሣር ስታዩ እግራችሁን ወደዚያ አታዙሩ። ሰው ሳያስበው ያደርገዋል። ለዚህ ነው አንዱ ሲራመድ ሌላው መጻፍ ያለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ባሕር ዛፍ ከሳተላይት ሲታይ ደን ነው። ሥሩ ግን ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ ባዶ ሊሆን ይችላል። ዝናቡ የሚመታው መሬት ላይ ያለውን ነው። ስለዚህ የምትመዘግቡት ራስ ላይ ያለውን ጥላ ሳይሆን መሬት ላይ ያለውን ሽፋን ነው።

ጠቋሚ እጽዋትን ለዩ

- ሰርዶ ጥቅጥቅ ካለ ግጦሹ ደህና ነው። አክርማ ከበዛ ከብት ለረጅም ጊዜ ተጭኖታል፤ ለስፌት የሚወደደው ይህ ሣር ከብት የሚጠላው ነው።
- ክትክታ በቀጭንና በተጎዳ ዳገት ላይ ይበዛል። ሬትና ቁልቋል ካሉ መሬቱ ደረቅና ድንጋያማ ነው።
- እምቧይ የተረበሸ መሬት ምልክት ነው። ሳማ ፍግ የበዛበት ቦታ ይወዳል።
- አቀንጭራ ማሽላው ውስጥ ከበዛ የአፈሩ ለምነት ወርዷል።
- ቄጤማና ደንገል ባሉበት ውሃ ይተኛል።
- ብሳና ብቅ ብቅ ካለ መሬቱ ማገገም ጀምሯል።

በአንድ ተክል ብቻ አትፍረዱ። ቢያንስ ሁለት ምልክት ከአፈሩ ጋር ሲገጥም ነው የሚያዘው።

ራሱ ያገግማል?

20 በ20 ሜትር ካሬ ከልሉ። በውስጡ ሕይወት ያለው ጉቶ፣ ቡቃያና ወፍ ዘራሽ ችግኝ ቁጠሩ። የወይራ፣ የግራር ጉቶ ሥሩ እያቆጠቆጠ ከሆነ ያ መሬት ችግኝ ሳይሆን ክልከላ ነው የሚፈልገው። ምንም ካልተገኘ ክልከላ ብቻውን ዛፍ አያመጣም።

ለንጽጽር በዚያው ከፍታ ያለ የቤተ ክርስቲያን ደን ካለ ግቡ። መጀመሪያ አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ። ዙሪያው ያለው መሬት በአንድ ወቅት ምን እንደነበረ፣ ምን እንደሚስማማው የሚነግራችሁ እሱ ነው። ለችግኝ ጣቢያው የምታዙት የዛፍ ዝርዝር ከዚያ ቢነሣ ይሻላል። ከሌላ ወረዳ በመኪና የመጣ ችግኝ ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው ብዙ አለ።

ደረጃ 5፦ ክፍሉን ስጡ

አሁን ለእያንዳንዱ የመሬት ክፍል አንድ ቁጥርና አንድ ፊደል ስጡ። ቁጥሩ የመሬቱን አቅም ያሳያል፤ ከተዳፋትና ከአፈር ይመጣል። ፊደሉ የሽፋኑን ሁኔታ ያሳያል።

ዋናው ሕግ፦ ክፍሉን የሚወስነው መጥፎው ነጥብ ነው። አማካይ አይወሰድም። ተዳፋቱ 5 በመቶ የሆነ ማሳ ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ሜዳነቱ አያድነውም።

ለመስክ እንዲቀል የተጨመቀው ምደባ ይህ ነው፦

- ክፍል 1 እና 2፦ ተዳፋት እስከ 8 በመቶ፣ ጥልቀት ከ100 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ ውሃ የማይተኛበት
- ክፍል 3፦ ተዳፋት 8–15፣ ወይም ጥልቀት 50–100
- ክፍል 4፦ ተዳፋት 15–30፣ ወይም ጥልቀት 25–50
- ክፍል 5፦ ሜዳ ሆኖ ውሃ የሚተኛበት ወይም ለማረሻ የማይመች ድንጋይ የሞላበት
- ክፍል 6፦ ተዳፋት 30–60
- ክፍል 7፦ ተዳፋት ከ60 በላይ፣ ወይም ጥልቀት ከ25 በታች
- ክፍል 8፦ ገደል፣ ባዶ ዓለት

ፊደሉ፦ ሽፋኑ ከ70 በመቶ በላይ ከሆነ ሀ፣ ከ30 እስከ 70 ከሆነ ለ፣ ከ30 በታች ከሆነ ሐ። ሽፋን ወደ 70 ሲጠጋ የአፈር መከላት በጣም ይቀንሳል። ወሰኑ እዚያ የተሰመረው ለዚህ ነው። ፊደሉ የሚሰጠው ለማይታረስ መሬት ነው። ታርሶ የከረመ ማሳ ላይ ትርጉም የለውም።

ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ክፍል ካርታው ላይ አትሳሉ። በ1 ለ5,000 ይህ ሩብ ሄክታር ነው። ከዚያ ያነሰውን በነጥብ አመልክቱት።

ደረጃ 6፦ ሁለቱን ካርታዎች አነባብሩ

የአቅም ካርታውን አሁን ካለው አጠቃቀም ላይ አስቀምጡ። ሦስት ዓይነት ቦታ ይወጣል። አጠቃቀሙ ከአቅሙ ጋር የገጠመ አለ፤ እዚያ ጥገና ብቻ ያዙ። ከአቅሙ በታች የተሠራበት አለ፤ እሱ ትርፍ ነው፣ አትርሱት። ከአቅሙ በላይ የተጫነበት ደግሞ አለ። ሥራችሁ ያለው እዚህ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ራስጌው ላይ 45 በመቶ ተዳፋት አለ። ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ገብስ ይዘራበታል። ሕጉ በዚህ ተዳፋት በጠረጴዛማ እርከን ማረስን ሊፈቅድ ይችላል። አፈሩ ግን አይፈቅድም። ጠረጴዛ ለመሥራት ከላይ ተቆርጦ ወደ ታች መሞላት አለበት፤ 20 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚቆረጥ የለም፤ ዓለት ትዘረጋላችሁ። ስለዚህ ክፍል 7 ነው፤ መከለል አለበት።

ባለይዞታውስ? እዚህ ነው እቅድ የሚወድቀው። "ተው" ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። የ1997ቱ አዋጅ ራሱ በገበሬው ቸልተኝነት ላልተጎዳና እንዲያገግም ለተዘጋ መሬት ካሳ ወይም ሌላ አማራጭ እንዲሰጥ አስቀምጦ ነበር። በቀበሌው ምን አለ? ሣሩን አጭዶ የመውሰድ ድርሻ፣ የንብ ቀፎ ቦታ፣ ከታች ካለው ወል መሬት ማካካሻ? ይህን ከመወሰኑ በፊት ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብላችሁ ጨርሱ። ሴቲቱም ይገኙ፤ የማገዶው ጉዳይ እሳቸው ላይ ነው የሚወድቀው።

ደረጃ 7፦ ሥራውን ምረጡ

አሁን ብቻ ነው እርከን የሚነሣው።

- ክፍል 2–4፣ ቀይ ወይም ቡናማ አፈር፣ ዝናብ አጠር፦ ዘንበል የማይል የአፈር ወይም የድንጋይ እርከን፣ ወይም ፋንያ ጁ (የቦዩ አፈር ወደ ላይ የሚጣልበት እርከን)። ውሃውን እዚያው ይያዝ።
- ያው አፈር፣ ዝናባማ ደጋ፦ እርከኑ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ዘንበል ይበል። ግን መጀመሪያ የውሃ መውረጃው ይዘጋጅ፤ ሣር ይልበስ። ይህን ገልብጦ መሥራት አዲስ ቦረቦር መክፈት ነው።
- ጥቁር አፈር፣ ሜዳ፦ ውሃ የሚያቁር እርከን በፍጹም አይሠራ። ማጠንፈፊያ ቦይ፣ ከፍ ያለ መደብ።
- ክፍል 5፦ ግጦሽ ሆኖ ይቆይ። ረግረጉን አታድርቁት፤ የታችኛው ምንጭ ከእሱ ሊሆን ይችላል።
- ክፍል 6 እና 7 ሀ፣ ለ፦ ክልከላ፣ ሣር አጭዶ መጠቀም። አትቆፍሩ።
- 6ሐ፣ አፈሩ ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ፦ ትሬንች (ውሃ የሚያቁር ቦይ) እና ማይክሮ ቤዚን (ለችግኝ ውሃ የሚይዝ ትንሽ ጉድጓድ)፣ ከዚያ ችግኝ።
- 7ሐ፦ የድንጋይ ካብ፣ የሣር ዘር፣ ክልከላ። ትሬንች አይደለም።

በእርከኖች መካከል ያለውን ርቀት ለማውጣት፣ በሁለት እርከኖች መካከል የፈቀዳችሁትን የከፍታ ልዩነት በ100 አባዙና ለተዳፋቱ ተካፈሉ። 1 ሜትር ልዩነትና 10 በመቶ ተዳፋት ከሆነ 10 ሜትር ይመጣል።

ቅደም ተከተሉ ከራስጌ ወደ ግርጌ ነው። ቦረቦሩ ለዓይን ስለሚጎላ ሁሉም እዚያ መጀመር ይፈልጋል። ራስጌው ሳይያዝ የተሠራ ክትር (ቦረቦር ውስጥ ውሃ የሚገታ ካብ) ግን የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ይወስደዋል። የክትሩ ጊዜ ሲደርስ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር ይስተካከል።

ሲበላሽ ምን ይደረግ

"የቀበሌው ኮታ በኪሎ ሜትር ነው፤ ካርታችሁ ደግሞ ክልከላ ይላል።" የተለመደ ጣጣ ነው። ኮታውን ክፍል 3 እና 4 ላይ አሟሉት። ክልከላውን በሄክታር ለብቻው ሪፖርት አድርጉ። ጭንጫ ላይ ለኮታ ሲባል ቦይ አትክፈቱ፤ የሚቀጥለው ዓመት ጥገና እናንተ ላይ ይመጣል።

ሁለት ቡድን ለአንድ ቦታ ሁለት ክፍል ሰጠ። መዝገቡ ላይ አትከራከሩ። በሁለቱ ጉድጓዶች መሐል ሦስተኛ ቆፍሩ። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ያልታየው በመካከላቸው ያለው ወሰን ነው።

ገበሬው የተናገሩትና ጉድጓዱ ያሳየው አልገጠመም። "የትኛውን ዓመት ነው የሚሉት?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚያወሩት አፈሩ ሳይታጠብ በፊት ስለነበረው ነው። ያ ራሱ መረጃ ነው፤ ምን ያህል አፈር እንደሄደ ይነግራችኋል። ጻፉት።

የተከለለው መሬት ከአንድ ዓመት በኋላም ሣር አላበቀለም። መጀመሪያ ከብት ማታ ማታ እንደማይገባ አረጋግጡ፤ ፋንድያው ይነግራችኋል። ካልገባ መሬቱ ደርቆ ቅርፊት ሠርቶ ይሆናል። ከክረምቱ በፊት በኮንቱር (እኩል ከፍታ ባለው) መስመር ፊቱን ቧጠጥ አድርጋችሁ የአካባቢውን ሣር ዘር በትኑ።

የክፍሉ ወሰን መስክ ላይ ጠፋ። ጂፒኤስ ነጥብ ብቻውን አይበቃም፤ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ይንገዋለላል። በየወሰኑ ማዕዘን ቀለም የተቀባ ድንጋይ ትከሉ። ባለይዞታዎቹ ባሉበት ይተከል። የካርታውን አንድ ቅጂ ቀበሌው ግድግዳ ላይ፣ አንዱን ኮሚቴው ጋ፣ አንዱን ከጉድጓድ መዝገቦቹ ጋር ወረዳው ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። ልማት ሠራተኛው ሲዛወር አብሮት የሚሄደው ብዙ ጊዜ ይህ ፋይል ነውና፣ ከመዛወሩ በፊት ተፈርሞ ይረከብ።